«ኔት የለም» ሲባል ምን ጠፋ? የኢንተርኔት መግቢያ ትምህርት ዳሰሳ

ባንክ ቤት ሄደን «ሲስተም የለም» እንባላለን። ቢሮ ውስጥ «ኔት ሄደ»፣ ቤት ውስጥ «ዋይፋዩ እንቢ አለ» እንላለን። ሦስቱም አንድ ነገር የሚናገሩ ይመስላሉ፤ ከበስተጀርባቸው ግን ፈጽሞ የማይገናኙ ምክንያቶች አሉ። ስልኩ ከአካባቢው አንቴና ጋር መነጋገር አቅቶት ይሆናል። ከከተማ ከተማ የተዘረጋው ፋይበር በቁፋሮ ተቆርጦ ይሆናል። መስመሩ ደኅና ሆኖ የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው አገልግሎት መልስ አልሰጥ ብሎ ይሆናል። ይህም ደኅና ሆኖ የተፈለገው ሰርቨር ብቻ ወድቆ ይሆናል። ወይም ምንም ሳይበላሽ ሥልጣን ያለው አካል አስዘግቶት ይሆናል። ኮሌጅ ገብቶ «ኢንተርኔት እንዴት ይሠራል» የሚል ኮርስ አንድ ሴሚስተር የተማረ ወጣት እነዚህን አምስቱን መለየት ካልቻለ ትምህርቱ ምን ሰጠው?

ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው ያንን ኮርስ ነው። ለጀማሪ ተማሪ ምን ይነገረው? ከየትኛው ጫፍ ይጀመር? ለወደፊት ባለሙያ ነው ወይስ ለማንኛውም ዜጋ? መምህራን ከ40 ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ዛሬም አልተስማሙም። ጥያቄው ለእኛም ቅርብ ነው። በ2012 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎቻችን ከተጀመሩት የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች አንዱ፣ ተማሪዎቹ በአጭሩ «ኢመርጂንግ» የሚሉት፣ ለዳታ ሳይንስ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ለ«ነገሮች ኢንተርኔት» እና ለመሳሰሉት ምዕራፍ ምዕራፍ ሰጥቷል። ኢንተርኔቱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ግን የራሱ ምዕራፍ የለውም። ተማሪው ፍሪጅ ከኢንተርኔት ጋር እንደሚገናኝ ይማራል፤ ፍሪጁ የሚገናኘው ከምን ጋር እንደሆነ ሳያውቅ።

(ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ከተባለበት በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመማሪያ ክፍል በፊት

በ1960ዎቹ በአሜሪካ ራንድ ኮርፖሬሽን ይሠሩ የነበሩት ፖል ባራን እና በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ የነበሩት ዶናልድ ዴቪስ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደረሱ። መልእክት በሙሉው ከሚላክ በትንንሹ ይቆራረጥ፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይም አድራሻ ይጻፍበት አሉ። «ፓኬት» የሚለውን ስም ያወጡለት ዴቪስ ናቸው። በዚያ ዘመን የስልክ መስመር ሁለት ሰዎች አውርተው እስኪጨርሱ ለእነሱ ብቻ ተይዞ ይቆይ ነበር፤ ዝም ቢሉም መስመሩ ለሌላ አይሰጥም። ፓኬት ግን መስመሩን የጋራ አደረገው። የአንዱ ዝምታ ለሌላው ቦታ ይለቃል።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የሚያልፉት አንድ ልዩነት አለ። ኢንተርኔት የተሠራው የኒውክሌር ጦርነትን እንዲቋቋም ነው የሚለው ተረክ በየክፍሉ ይደገማል። ባራን ያጠኑት በእርግጥ ከጥቃት የሚተርፍ የመገናኛ ሥርዓት ነበር። በአሜሪካ መከላከያ የምርምር ኤጀንሲ ገንዘብ የተገነባው አርፓኔት ግን የታሰበው በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ውድ ኮምፒውተሮችን ተመራማሪዎች በጋራ እንዲጠቀሙባቸው ነው። ጥቅምት 29 ቀን 1969 ከሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት ሲላክ «ሎግ ኢን» ለማለት ታስቦ ሁለት ፊደል ብቻ እንደደረሰ ሌላኛው ኮምፒውተር ወደቀ። ሁለቱን ታሪኮች የቀላቀለ ተማሪ ኔትወርኩ ከመጀመሪያው ለብርታት የተቀረጸ፣ በቀላሉ የማይበገር ነገር ይመስለዋል። ይህ ግምት በኋላ የሚማረውን ሁሉ ያጣምምበታል።

አርፓኔት ደግሞ ገና ኢንተርኔት አልነበረም፤ አንድ ኔትወርክ ነበር። ቪንት ሰርፍ እና ቦብ ካን በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ የያዙት ጥያቄ ሌላ ነው። በሬዲዮ፣ በሳተላይት፣ በሽቦ የሚሠሩና ጠባያቸው የማይመሳሰል ኔትወርኮች አንዳቸውም ሳይለወጡ እንዴት ይገናኙ? መልሳቸው በየድንበሩ አገናኝ ማሽን ማቆም፣ የጋራ አድራሻ መስጠት፣ የጠፋውን ፈልጎ የማስተካከሉን ኃላፊነት ደግሞ ጫፍ ላይ ላሉት ኮምፒውተሮች መተው ነበር። ለዚህ የመጨረሻው ሐሳብ የፈረንሳዩ ሉዊ ፑዛን ሲክላድ በተባለው ኔትወርካቸው መንገድ ጠርገዋል። ጥር 1 ቀን 1983 አርፓኔት ከዚህ ሐሳብ ወደተወለዱት፣ ቲሲፒ/አይፒ ወደተባሉት የግንኙነት ደንቦች (ፕሮቶኮሎች) ተሸጋገረ። ኢንተርኔት በጥሬ ትርጉሙ የኔትወርኮች ኔትወርክ ነው፤ ባለቤቱ አንድ አይደለም፤ አንዱም አካል ሙሉ ካርታውን አይዝም። የመግቢያ ኮርስ ሌላውን ሁሉ ቢያስረሳ እንኳ ይህን ማስጨበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከሽቦው የሚነሱት

ትምህርቱን ለረጅም ጊዜ የቀረጸው መጽሐፍ በአምስተርዳም ያስተማሩት አንድሩ ታነንባውም በ1981 ያወጡት ነው። በዚያ ዘመን ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የኮምፒውተር ግንኙነትን በሰባት ተደራራቢ ሌየሮች የሚከፍል ሞዴል እያዘጋጀ ነበር፤ በ1984 አጸደቀው። የታነንባውም መጽሐፍ በዚያው መሰላል ከታች ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ሽቦና ምልክት፣ ቀጥሎ በአንድ መስመር ላይ ስሕተት እንዴት እንደሚታወቅ፣ ከዚያ መንገድ መምረጥ፣ እያለ እስከ አፕሊኬሽን ይደርሳል።

የዚህ መንገድ ጥንካሬ ሐቀኝነቱ ነው። ያልተብራራ ነገር ላይ ቆሞ ሌላ ነገር አያብራራም። ቤት እንደሚሠራ ሰው ከመሠረቱ ይጀምራል። ችግሩ ጀማሪው መሠረቱ ላይ ሳምንታት ሲቆፍር ቤቱ ምን እንደሚመስል አለማየቱ ነው። በየቀኑ የሚጠቀምባቸው ኢሜይልና ድረ ገጽ የሚመጡት ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይደረስባቸው ይቀራሉ።

ሁለተኛው ችግር የታሪክ ነው። ሰባቱ ሌየሮች በጽሑፍ ጸደቁ እንጂ በሥራ ያሸነፈው ቲሲፒ/አይፒ ነው፤ እሱ ደግሞ «ሴሽን» እና «ፕሬዘንቴሽን» የሚባሉትን ሁለቱን ለይቶ አያውቃቸውም። ሆኖም ፈተና ላይ «ሰባቱን ሌየሮች በቅደም ተከተል ጻፍ» የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልጠፋም። በእኔ ግምት ይህ በብዙ አገር የመግቢያ ኮርሱን የጎዳ አንድ ልማድ ነው። ስሞቹን ማወቅ አይከፋም፤ ዕቃ ሻጩም ቴክኒሺያኑም «ሌየር ስሪ ስዊች» እያለ ይነጋገርባቸዋል። ነገር ግን ስም መሸምደድ ስለ አሠራሩ ምንም አይናገርም። ሰባቱን በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ ተማሪ ከመግቢያው አምስት ምክንያቶች አንዱንም ላይለይ ይችላል።

ከስክሪኑ የሚነሱት

በ2000 አካባቢ ጂም ኩሮዝ እና ኪት ሮስ መሰላሉን ገለበጡት። «ከላይ ወደ ታች» ያሉት መጽሐፋቸው ድረ ገጽ ስንከፍት ምን ይሆናል ከሚለው ጀምሮ ወደ ሽቦው ይወርዳል። ክርክራቸው ከተማሪው ጠባይ የሚነሳ ነው። ተማሪው ብሮውዘርን ያውቃል፤ ከሚያውቀው ወደማያውቀው ይሂድ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል መልእክት ሲያስተላልፍ ማየትም ይችላል። መጽሐፉ ከሰባት ጊዜ በላይ ተሻሽሎ ታትሟል፤ በብዙ አገሮች ዋናው መማሪያ ሆኗል።

ተቃዋሚዎቹ ግን የማይናቅ ነጥብ አላቸው። ከላይ የጀመረ ተማሪ ለሳምንታት «ከሥር ያለው ነገር መልእክቱን ያደርሳል» የሚል ቃል ተቀብሎ ይኖራል። መልእክት መጥፋቱ፣ መዘግየቱ፣ ተራ ተዛብቶ መድረሱ የተለመደ ነገር መሆኑን የሚሰማው ቆይቶ ነው። የኢንተርኔት ረቂቅ ጥበብ ደግሞ ከማይታመን ነገር የሚታመን ነገር መሥራቱ ነው። ያንን ችግር አስቀድሞ ያልቀመሰ ሰው መፍትሔው አይጣፍጠውም።

ላሪ ፒተርሰን እና ብሩስ ዴቪ በ1996 የጀመሩት ሦስተኛ መንገድ ለዚህ ክርክር የተሻለ መልስ ይመስለኛል። የእነሱ መጽሐፍ ከባዶ ሜዳ ተነስቶ «ኔትወርክ እንሥራ ብንል ምን ያስፈልገናል?» ብሎ ይጀምራል። ሁለት ኮምፒውተር ቢሆኑ ሽቦ ይበቃል። መቶ ቢሆኑ ሁሉን ከሁሉ በሽቦ ማገናኘት አይቻልም፤ ስለዚህ መቀባበያ ያስፈልጋል። መቀባበያው ላይ ብዙ ከመጣ ወረፋ ይፈጠራል፤ ወረፋው ከሞላ ትርፉ ይጣላል። እያንዳንዱ ሐሳብ የሚመጣው ችግሩ ከታየ በኋላ ነው። ጉድለቱ ደግሞ መምህሩን ይፈትናል። መሰላል ስለሌለው ተማሪው ያለበትን ቦታ በቀላሉ አያውቅም፤ ፈተና ማውጣትም ያስቸግራል።

የወረፋውን ነገር የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ክስተት አለ። በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ እና ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ በሚርቀው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረው ፍጥነት በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ሽቦው አልተቆረጠም። ኮምፒውተሮቹ መልእክታቸው እንዳልደረሰ ሲያዩ ደግመው ይልካሉ፤ ድጋሚው መጨናነቁን ያባብሰዋል፤ ሌሎችም ደግመው ይልካሉ። ቫን ጃኮብሰን በ1988 ያቀረቡት መፍትሔ እያንዳንዱ ላኪ መልእክቱ መጣሉን ሲያይ ራሱ ፍጥነቱን እንዲቀንስ፣ ከዚያ ቀስ እያለ እንዲጨምር የሚያደርግ ነው። የሚያዝ ትራፊክ ፖሊስ የለም፤ ሁሉም ራሱን ይገታል። ይህን ክስተት በመጀመሪያው ሳምንት የሚያቀርብ ኮርስ ከየትኛውም ጫፍ ቢጀምር የተሳካለት ነው።

ሌየር የሚባል ነገር በእርግጥ አለ?

ከሽቦውም ሆነ ከስክሪኑ የሚነሱት ወገኖች ሌየርን እንደ እውነት ይቀበላሉ፤ የሚለያዩት በቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ከባለሙያዎቹ መካከል ግን ይህንንም የሚጠይቁ አሉ። በ2002 የወጣ አርኤፍሲ 3439 የተባለ የኢንተርኔት መሐንዲሶች ሰነድ የሌየር አከፋፈል ጎጂ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ የሚናገር ክፍል አለው። እያንዳንዱ ሌየር የራሱን ሥራ ብቻ ሲያይ አጠቃላዩ ይደጋገማል፤ ይከብዳልም ይላል። ከዚያ ወዲህ የሆነውም የመማሪያውን ሥዕል አላጸናም። በ2021 ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ክዊክ የተባለው ፕሮቶኮል መልእክት የማድረሱን እና የመመስጠሩን ሥራ፣ ቀድሞ ለየብቻ የነበሩትን፣ አንድ ላይ ሰፍቷቸዋል።

ታዲያ ሌየርን ጨርሶ እንተወው? አይመስለኝም። ሌየር ምን ማለት እንደሆነ ከሥዕል ይልቅ በአንዲት ቃል ይታያል። «ሰላም» የሚለውን ቃል እንላክ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 የዓለም ጽሕፈቶች የጋራ መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ናት። ቲሲፒ «ይህ ስንተኛው ቁራጭ ነው» የሚለውን ለማወቅ ቢያንስ 20 ባይት ይጨምርባታል። አይፒ የላኪና የተቀባይ አድራሻ የያዘ ሌላ 20 ባይት ያለብሳታል። በቢሮው ሽቦ ላይ ስትወጣ ደግሞ 18 ባይት ትደርባለች። ዘጠኝ ባይት ሆና የተነሳችው ሰላምታ 67 ሆና ትሄዳለች፤ ምስጠራው እንኳ ገና አልተቆጠረም። በየደረሰችበት ማሽን የላይኛው ልብስ ይወልቃል፤ ሌላ ይለበሳል፤ ውስጠኛው አይነካም። ሌየር ማለት ይህ ማን የትኛውን ልብስ እንደሚከፍት የተደረገ ስምምነት ነው።

ያው ስሌት ለአማርኛ ጽሑፍ ሌላም ነገር ይናገራል። አንድ የተለመደ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ይይዛል፤ ልብሶቹ ሲቀነሱ 1460 ይቀራል። በእኛ ፊደል 486 ፊደል ነው፤ አንድ መካከለኛ አንቀጽ ማለት ነው። በላቲን ፊደል 1460 ይገባል። አማርኛ ተናባቢና አናባቢን በአንድ ፊደል ስለሚያጣምር በሙሉ ጽሑፍ ላይ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ አይደርስም፤ ልዩነት መኖሩ ግን አይካድም። ይህን ያሰላ ተማሪ አይረሳውም።

ከሌየር ጋር የሚያያዝ ሌላ ሙግትም አለ። ሳልዘር፣ ሪድ እና ክላርክ በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ መሐሉ ቀላል ይሁን፣ ብልሃቱ ጫፍ ላይ ይቀመጥ ብለው ተከራከሩ። ብዙ ኮርሶች ይህን እንደ ሕግ ያስተምሩታል። የዛሬው ኢንተርኔት ግን መሐሉ ቀላል አይደለም፤ አድራሻ የሚቀይሩ፣ የሚያጣሩ፣ ቪዲዮን በየአገሩ አከማችተው የሚያድሉ ማሽኖች ሞልተውበታል። መምህሩ መርሁን እንደ ታሪክ ያስተምር ወይስ እንደ ሥራ ላይ ያለ ደንብ? በዚህ ስምምነት የለም።

ፖስታ ቤቱና መንገድ ጠያቂው

ለጀማሪ የሚቀርበው ምሳሌ ከሞላ ጎደል በሁሉም አገር አንድ ነው፤ ፓኬት እንደ ደብዳቤ ነው ይባላል። ምሳሌው የተወለደው ፖስተኛ የቤት ቁጥር እያየ በር በሚያንኳኳበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ደብዳቤ የሚገባው ፖስታ ሳጥን ውስጥ ነው። ይህ ግን ጉዳት ሳይሆን ዕድል ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ፖ.ሣ.ቁ. ይኖረዋል፤ ደብዳቤው እዚያ ይደርሳል፤ ለየሠራተኛው የሚያድለው መዝገብ ቤት ነው። የቤታችን የዋይፋይ ዕቃ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የአይፒ አድራሻ በመጀመሪያ የተቀመጠው በ32 ቢት ስለሆነ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው፤ ማዕከላዊው ክምችት በየካቲት 2011 አለቀ። ስለዚህ በቤቱ ያሉ አሥር ስልኮች አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራሉ፤ ዕቃው የትኛው ስልክ ምን እንደጠየቀ መዝግቦ መልሱን ያድላል። ልዩነቱም መነገር አለበት። መዝገብ ቤት ሳይጠበቅ የመጣ ደብዳቤንም ይቀበላል፤ ይህ ዕቃ ግን በተለየ ካልታዘዘ ያልተጠየቀውን ይጥላል።

መንገድ መምረጥን ለማስረዳት ግን ከፖስታ የተሻለ ምሳሌ አለን። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚፈልግ እንግዳ «ገርጂ ማርያም ድረስ ሂድና እዚያ ጠይቅ» ይባላል። እዚያ ያለው ሰው «ከፋርማሲው በስተግራ ግባና ጠይቅ» ይለዋል። ከመንገድ ጠቋሚዎቹ ማንም ሙሉውን ጉዞ አያውቅም፤ ሁሉም የሚያውቀው ቀጣዩን እርምጃ ነው። አገናኙ ማሽን፣ ራውተር፣ የሚሠራው ልክ እንዲህ ነው። የመድረሻውን አድራሻ ያያል፣ የመንገድ ሠንጠረዡን ያያል፣ ወደ ቀጣዩ ይመራል፣ ይረሳል።

የተሳሳተ አቅጣጫ የሚጠቁም ቢኖርስ? ራውተሮች የሚያውቁትን ያወቁት ጎረቤቶቻቸው ስለነገሯቸው ነው። በየካቲት 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም በአገሩ ውስጥ ዩቲዩብን ለመዝጋት «የዩቲዩብ መንገድ በእኔ በኩል ነው» የሚል ማስታወቂያ ለራውተሮቹ አሰማ። ማስታወቂያው ከአገር ወጣ፤ የውጭ ኔትወርኮች አመኑት፤ ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል ከብዙው ዓለም ጠፋ። በጥቅምት 4 ቀን 2021 ደግሞ ፌስቡክ በጥገና ወቅት በተሰጠ የተሳሳተ ትእዛዝ የራሱን መንገድ ከዓለም ሰረዘ፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይሩት ሰርቨሮቹም የማይደረስባቸው ሆኑ፤ ዋትስአፕና ኢንስታግራምን ጨምሮ ስድስት ሰዓት ገደማ ጠፋ። በሁለቱም ቀን ተጠቃሚው ያለው «ኔት የለም» ነበር። ኔት ግን ነበረ።

ማስረጃው ምን ያሳያል

የትኛው ቅደም ተከተል ይሻላል የሚለውን በሙከራ መፍረድ ከባድ ነው፤ ሁለት ኮርሶች የሚለያዩት በቅደም ተከተል ብቻ ሳይሆን በመምህር፣ በተማሪ፣ በላቦራቶሪም ነውና። ሰዎች ኢንተርኔትን በአእምሯቸው እንዴት እንደሚስሉት ግን ተጠንቷል። ማሪና ፓፓስተርጊዩ በ2005 ባሳተሙት ጥናት የግሪክ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዙዎቹ ስለ ኢንተርኔት የያዙት ሥዕል ከአጠቃቀሙ ብዙም የማያልፍ ቀላል ሥዕል እንደሆነ አሳይተዋል።

ይበልጥ የሚያስጨንቀው ከካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 የወጣው ነው። ሰዎች ኢንተርኔት እንዴት እንደሚሠራ በወረቀት እንዲስሉ ተደረገ። የቴክኒክ ዕውቀት ያላቸው የተሻለ ሥዕል ሣሉ፤ የት የት አደጋ ሊኖር እንደሚችልም ይበልጥ አስተዋሉ። ራሳቸውን ለመጠበቅ በሚወስዱት እርምጃ ግን ከሌላው ጋር ቀጥተኛ ልዩነት አልታየባቸውም። ጥናቱ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ቃለ መጠይቅ ስለሆነ ብዙ አይጫንበት። ሆኖም «ሰው አሠራሩን ካወቀ ይጠነቀቃል» ለሚለው የብዙ ኮርሶች መግቢያ ንግግር ድጋፍ አይሰጥም። አሠራሩን ማስተማር እና ጥንቃቄን ማስተማር ሁለት ሥራዎች ናቸው። አንዱ ሌላውን ያስከትላል ብሎ መዝለል አይቻልም።

ለማን?

ይህ ወደ ትልቁ ልዩነት ይወስደናል። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ኮርሶች አሉ። አንደኛው ነገ ራውተር ለሚያዋቅር ተማሪ ነው። ሁለተኛው ሕግ፣ ሕክምና፣ ጋዜጠኝነት ለሚማር ነው። ብራያን ከርኒገን በፕሪንስተን ከ1999 ጀምሮ የቴክኒክ ተማሪ ላልሆኑ ሲሰጡ የቆዩት ኮርስ ለሁለተኛው ጥሩ አብነት ነው፤ ሃርድዌርን፣ ሶፍትዌርን እና ግንኙነትን ሳያለዝቡ ያስተምራሉ። ቻርልስ ሰቨራንስ ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ በ2012 ኮርሴራ በተባለው የኢንተርኔት መማሪያ የጀመሩት ኮርስ ደግሞ በታሪክ በኩል ይገባል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምስጢር ፈቺዎች ተነስቶ የሠሪዎቹን ቃለ መጠይቅ እያሰማ ወደ አሠራሩ ይደርሳል። የታሪክ መንገድ ለጀማሪ ይጥማል፤ ነገር ግን የሆነው ሁሉ መሆን የነበረበት ያስመስላል። የተሸነፉትን ሐሳቦች ያላየ ተማሪ ያሸነፈው ለምን እንዳሸነፈ አይገባውም።

ለቴክኒክ ላልሆነው ተማሪ ሥልጣንን ሳያነሱ ኢንተርኔትን ማስተማር ጎዶሎ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ሎውረንስ ሌሲግ በ1999 መጽሐፋቸው ኮድ ራሱ ሰውን እንደ ሕግ እንደሚገዛ ተከራክረዋል። የእኛ አገር ተማሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። እንዴት ተቻለ የሚለው የፖለቲካ ብቻ ሳይሆን የአሠራር ጥያቄም ነው። የያኔው ኦፕሬተር አንድ ነበር፤ ሳፋሪኮም አገልግሎት የጀመረው በ2022 ነው። አገሪቱ ባሕር ስለሌላትም ወደ ዓለም የምትወጣው በጎረቤቶቿ ምድር አልፈው የባሕር ውስጥ ኬብል በሚደርሱ ጥቂት መስመሮች ነው። «ኢንተርኔት ባለቤት የለውም» የሚለው እውነት በዓለም ደረጃ ነው፤ በአንድ አገር መውጫ በር ላይ ግን ባለቤት አለው። ሁለቱን አብሮ መያዝ ለተማሪ ከባድ ነው፤ ለዚህም ነው መምህር የሚያስፈልገው።

እጅ የሚነካው

በአንድ ነገር ሁሉም ወገን ይስማማል፤ ተማሪው ራሱ መሞከር አለበት። መሣሪያዎቹ በነፃ ይገኛሉ። በ1983 የተጻፈው ፒንግ እስከ አንድ ማሽን ደርሶ መመለሻ ጊዜን ይለካል። ትሬስራውት ፓኬቱ ያለፈባቸውን ራውተሮች በተራ ያሳያል። ዋየርሻርክ በራስ ኮምፒውተር የሚያልፈውን ፓኬት ልብሱን እየገለጠ ያስነብባል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ፒንግ የሚያሳየው ቁጥር ከዚያ ሲበልጥ ተማሪው ትርፉ የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል፤ የተጠማዘዘው የኬብል መንገድ ነው ወይስ ወረፋ? ኮምፒውተር ለሌለው ክፍልም መንገድ አለ። በኒውዚላንድ ቲም ቤል እና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጇቸው የወረቀት ጨዋታዎች ተማሪዎችን መልእክተኛ አድርገው መልእክት ያቀባብላሉ፤ አንዳንዱ ወረቀት ሆን ተብሎ ይጣላል።

የሚቀረው የቋንቋ ጉዳይ ነው። የከፍተኛ ትምህርታችን ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ግን ሲገባው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ነው የሚገባው። ፓኬት፣ ራውተር፣ ሰርቨር እንዳሉ ይቀመጡ፤ ገብተውናል። ስንኩል የሆነው ማብራሪያው ነው። የፒተርሰንና የዴቪ መጽሐፍ ዛሬ ሙሉው በነፃ ይገኛል፤ የተለቀቀበት ክፍት ፈቃድ የደራሲዎቹ ስም እስከተጠቀሰ ድረስ መተርጎምን፣ ማሳጠርን፣ የራስን ምሳሌ መጨመርን ይፈቅዳል። ገርጂ ማርያምንና የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ቤት እዚያ ውስጥ ማስገባት የሚፈልግ መምህር ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም። በመጪው ሴሚስተር አንድ ምዕራፍ ይጀምር።